«ሰዓቴን ባወልቀው ሩጫዬም አብሮ የሚቀር ይመስለኛል»

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ሁሌም አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ነገሩ ለሰው ሲነገር ያስቃል። እኔን ማሳቅ ካቆመ ግን ቆይቷል።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት። የምሠራው ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። ከቤት ሆኜ የደንበኞችን ጥያቄና ቅሬታ በጽሑፍ እመልሳለሁ። በእኛ ሥራ የማይቆጠር ነገር የለም። በቀን ስንት ቲኬት (አንድ የደንበኛ ጥያቄ ማለት ነው) ዘጋሁ፣ የመጀመሪያውን መልስ ለመስጠት ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ደንበኛው ከአምስት ኮከብ ስንት ሰጠኝ። ሰኞ ሰኞ ሁላችንም በደረጃ የተሰለፍንበት ሰንጠረዥ ይላክልናል።

ከሦስት ዓመት በፊት ከመቀመጥ ብዛት ወገቤን ያመኝ ጀመር። ያኔ ጓደኛዬ እየጎተተች ሩጫ አስጀመረችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ እያወራን እንሮጥ ነበር። ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንሮጥ እንኳ አናውቅም። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ለልደቴ ስማርት ሰዓት ገዛልኝ። መጀመሪያ ላይ በጣም ነው የወደድኩት። ፍጥነቴ ጨመረ፤ 10 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች ገባሁ። ከዚያ መሥሪያ ቤታችን «ለጤናችሁ» ብሎ የእርምጃ ውድድር ከፈተ። በቀን ቢያንስ 10,000 እርምጃ፤ የሁሉም ሰው ቁጥር ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ቲም ሊደራችንም አለበት። ከሁለተኛ ወርጄ አላውቅም።

አሁን አንድም ቀን ሳላቋርጥ ስሮጥ 214ኛ ቀኔ ነው። አንድ ቀን ካለፈኝ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ባለቤቴ ውሃ ሊጠጣ ተነሳና ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ወዲያ ወዲህ ስመላለስ አገኘኝ። 600 እርምጃ ጎድሎኝ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱ ለእንቅልፌ ከ100 ስንት እንደሰጠኝ ነው። 80 ካለኝ ቀኑ ይቃናል። 58 ካለኝ ከአልጋ ሳልወርድ ይደክመኛል። ስሮጥ የሥራ መልእክት እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቆሜ የመለስኩባቸው ቀናት አሉ። ቅልጥሜንም ካመመኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሲሞቅ ስለሚተወኝ እሮጥበታለሁ።

ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ጓደኛዬ እየሮጥን ስለ እናቷ የምርመራ ውጤት ትነግረኝ ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ቆይ፣ ፍጥነታችን ወርዷል» አልኳት። ዝም አለች። ስንለያይ «አንቺ አሁን የምትሮጪው ከእኔ ጋር አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እኔም አልደወልኩም።

ባለቤቴ «አውልቀሽ ጣይው» ይላል። ሰዓቱ ከሌለ ግን እንደማልሮጥ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ወደ ወገብ ሕመሜ ነው የምመለሰው። ከውድድሩ ብወጣስ ቲም ሊደሬ ምን ትለኛለች? ልጣለው ወይስ ልቻለው?

ሰዓቷ የሚያዛት

*

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ መልሼ ሳነበው ለደንበኛ የምትጽፊውን መልስ መሰለኝና ሰረዝኩት።

በአንዲት ዐረፍተ ነገር ካለፍሽው ነገር ልጀምር፤ ከቅልጥምሽ። ሌላው ሁሉ ሳምንት ቢያድር ምንም አይደል፤ እሱ ግን አያድርም። እስቲ አሁን ጣትሽን ሰደድ አድርገሽ ዳብሺው። ሕመሙ የአጥንቱን ጠርዝ ይዞ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ነው? ወይስ በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብለሽ የምታሳዪው ነጥብ አለው? ማታ ተኝተሽስ ይሰማሻል? ደረጃ ስትወርጂስ? ነጥብ ካለው፣ ወይም ዐርፈሽም የሚሰማሽ ከሆነ፣ የአጥንት መሰንጠቅ ጅማሬ ሊሆን ይችላል። ይህን እኔ ከደብዳቤ ላይ አልለየውም፤ ሰዓትሽም አይለየውም። ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት በእጁ ዳሶ ይየው። እስከዚያ አትሩጪ። «ቀስ ብዬ እሮጣለሁ»ም አይሠራም። ራጅ ተነስተሽ «ምንም የለም» ብትባዪና ሕመሙ ካልለቀቀሽ ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም፤ በኤምአርአይ ነው የሚገኘው።

«ሲሞቅ ይተወኛል» ያልሽው አታሎሻል። አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል ያፈርሳል፤ ከዚያ ነው በአዲስ የሚሞላው። ማፍረሱ ሳምንታት ይፈጃል፣ መሙላቱ ወራት። ልብና ሳንባሽ ግን ቶሎ ይጠነክራሉ። ለዚህ ነው ትንፋሽሽ «ገና ነኝ» እያለ ቅልጥምሽ የሚጮኸው። የሰው አካል ሩጫውን ወደ ጉልበት የሚለውጠው በማይሮጥበት ቀን ነው። 214 ቀን ሙሉ ያንን ቀን አልሰጠሽውም።

እና አዎ፣ ይህ ማለት ቆጠራው ይቋረጣል ማለት ነው። አውቃለሁ፣ እዚህ ጋ ሆድሽ ቡጭ ብሏል።

«ቁጥር ብቻ እኮ ነው» አልልሽም። ሰባት ወር ነው። ልጅሽ ስታለቅስ ያደርሽባቸው ሌሊቶች፣ ሥራ ያንገሸገሸሽ ቀኖች፣ ዝናብ የነበረባቸው ጠዋቶች ሁሉ አሉበት። እኔ ብሆን አሳዝኖኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በዪ፤ የቅልጥም አጥንት ከተሰነጠቀ ቆጠራው ያለፈቃድሽ ይቋረጣል፣ ያውም ለወራት። ዛሬ ከሆነ የምታቆሚው አንቺ ነሽ። ወረቀት አውጪና «214» ብለሽ ጻፊ፤ ቀኑንም ከሥሩ። ማቀዝቀዣ በር ላይ ለጥፊው ወይም መጽሐፍ ውስጥ ክተቺው። አፑ ወደ ዜሮ ቢመልሰውም ወረቀቱ አይመልሰውም።

አሁን ወደ ኮሪደሩ እንምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱን ሳነብ ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን ዋጥኩት፤ እኔም ሌላ ኮሪደር ነበረኝና። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ የሚመዘግብ አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ትራሴ ሥር አስተኛው ነበር። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እንዴት እንደተኛሁ ለማወቅ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ባትሪው ሌሊት አልቆበት ነጋ። ቁጭ ብዬ «ዛሬ ደክሞኛል ወይስ አልደከመኝም?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልስ አጣሁ። ከራሴ ጋር ምን ያህል እንደተራራቅሁ የገባኝ ያን ጠዋት ነው።

10,000 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከሕክምና አይደለም የመጣው። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጠራልሽ) ኦሊምፒክን አስተናገደች፤ አዎ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበትን ኦሊምፒክ። ጃፓን ውስጥ የስፖርት ስሜቱ ገና ሳይበርድ፣ በ1965 አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙን «ማንፖኬይ» አለው፤ «የ10 ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ ድፍን ነው፣ ለጆሮ ይጥማል፣ ዕቃ ይሸጣል። ያቺ የገበያ ስም ናት ስልሳ ዓመት ተጉዛ አንቺን በእኩለ ሌሊት በካልሲ ያስኬደችሽ። በ2019 የታተመ፣ ከ16 ሺህ በላይ አረጋውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ጥቅሙ እስከ 7,500 እርምጃ አካባቢ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በላይ ብዙም እንዳልተለወጠ አሳይቷል። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 72 ስለነበር ላንቺ በቀጥታ አይገለበጥም። ግን 9,400 ላይ ብትተኚ የሚደርስብሽ ነገር የለም። እንዲያውም በዚያ ሰዓት ከ600ው እርምጃ ይልቅ እንቅልፉ ይሻልሽ ነበር።

ይህን ሁሉ የምልሽ ሰዓቱን ለማጣጣል አይደለም። ሰዓቱ ጠቅሞሻል። ራስሽ ነግረሽኛል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ገባሁ ስትዪ ደስታሽ ከወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ሥራሽ የጻፍሽውንና ስለ ሩጫሽ የጻፍሽውን አንቀጽ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢያቸው። ስንት ቲኬት፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ኮከብ፤ ስንት እርምጃ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ከ100 ስንት። ሁለቱም ጋ ሰንጠረዥ አለ። ሁለቱም ጋ ቲም ሊደርሽ አለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሩጫው ከወንበርሽ የምታመልጪበት ቦታ ነበር። አሁን ወንበሩ ተከትሎሽ መጥቷል።

የሚገርመው፣ ቁጥር ሲታለል ምን እንደሚመስል ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በእናንተ ሥራ የመጀመሪያ መልስ ደቂቃ ሲቆጠር ምን ይሆናል? አንዱ ቶሎ ብሎ «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እያየነው ነው» ብሎ ይልካል። ቆጣሪው ይቆማል። የደንበኛው ችግር ግን እዚያው ነው፤ ማንም ገና አላየውም። ሰንጠረዡ ላይ ግን ያ ሰው አንደኛ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቻርልስ ጉድሃርት የሚባል እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ነው። አሁን በስሙ ይጠራል። መለኪያን ዒላማ ስታደርጊው መለካቱን ይተዋል ይባላል ባጭሩ። አንቺም በዚያ ሌሊት ለሰውነትሽ «ጥያቄዎ ደርሶናል» እያልሽው ነበር።

ስለ እንቅልፉ ብዙ አልልም፤ አንድ ሙከራ ብቻ ልስጥሽ። እውነተኛው የእንቅልፍ ምርመራ የሚደረገው ጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የአንጎልን ሞገድ በመቅዳት ነው። ሰዓትሽ አንጎልሽን አያይም። የእጅሽን እንቅስቃሴና የልብ ምትሽን አይቶ ይገምታል። ስንት ሰዓት እንደተኛሽ በመጠኑ ይናገራል፤ «ጥልቅ እንቅልፍሽ ይህን ያህል ነበር» ሲል ግን ግምት ነው። ከዚያ ሁሉ ደግሞ እንዴት አድርጎ 58 እንዳወጣ የሚያውቀው የሠራው ኩባንያ ነው። ሰው ለሰዓቱ ጥሩ ውጤት ለማምጣት ሲጨነቅ እንቅልፉ የሚበላሽበት ሁኔታ በዝቶ፣ በ2017 ተመራማሪዎች «ኦርቶሶምኒያ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ነው።

ሙከራው ይህ ነው። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ሰዓቱን ከማየትሽ በፊት አንድ ቃል ጻፊ። «ቀለል ብሎኛል»፣ «ከብዶኛል»፣ «ደህና»፤ የመጣልሽን። ቁጥሩን ማየት ከፈለግሽ ከሰዓት በኋላ እዪው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱን አስተያዪ። ስንት ቀን ይገጥማሉ? እኔ ብዙ ቀን እንደማይገጥሙ እጠረጥራለሁ፤ ግን አንቺው ፈትሺው። ከገጠሙ ጻፊልኝ፣ ተሳስቻለሁ እላለሁ።

የሥራ መልእክቱን ግን ዛሬውኑ አጥፊው፤ ደብዳቤዬን ሳትጨርሺ። ሰዓቱ ከስልክሽ ጋር የሚገናኝበት አፕ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚል ቦታ አለ፤ ገብተሽ የሥራውን ቻት ብቻ ዝጊው። የባለቤትሽና የልጅሽ ትምህርት ቤት ስልክ ይምጣ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳርፍሽ እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ለመሆኑ ግን በሩጫ ሰዓት እንድትመልሺ የጠየቀሽ ሰው አለ? ወይስ ሰዓቱ ስለተንቀጠቀጠ ነው የመለስሽው? እነዚህ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የጠየቀሽ ከሌለ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ካለ ግን ንግግር ያስፈልገዋል፦ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚያ ውጭ አስቸኳይ ነገር ካለ ደውሉልኝ» ብለሽ በጽሑፍ አስቀምጪው። መደወል ለሰው ይከብዳል፤ አስቸኳይ ያልሆነው ሁሉ ተጣርቶ ይቀራል። ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ እንዳይመስልሽ፣ ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ከ2024 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የመላቀቅን መብት ሕግ ውስጥ አስገብተውታል።

ወደ ውድድሩ ስንመጣ፣ «ቲም ሊደሬ ምን ትለኛለች» ብለሽ ጠይቀሻል። እስቲ እኔም ልጠይቅሽ፤ ምን ትላለች ብለሽ ነው የምታስቢው? በቃላት ጻፊው። «ሰነፍ ናት»? «ቡድኑን ከዳች»? ምናልባት እንዲህ ያለች ሴት ትሆናለች፤ አላውቃትም። ግን ሌላም ይቻላል። እሷም በየሌሊቱ የራሷን ኮሪደር እየዞረች፣ መጀመሪያ የሚወጣ ሰው እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ሌላውን እያየ ነው የሚቆየው።

ስትወጪ ቅልጥሜን አሞኝ ነው ብለሽ ብቻ አትውጪ። ያልሽው እውነት ነው፤ ግን ሲሻልሽ «እንኳን ደህና ተመለስሽ» ይሉሻል፣ አንቺም ምክንያት ታጪያለሽ። አጠር አድርገሽ፣ ይቅርታ ሳታበዢ ጻፊው፦ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከእርምጃ ውድድሩ ወጥቻለሁ። ስፖርቴን ከሥራ ለየት አድርጌ ለመያዝ ፈልጌ ነው። ለቀራችሁት መልካም ውድድር።» በቃ። ማብራሪያ የጠየቀሽ ካለ ያው ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ድገሚለት። መሥሪያ ቤቱ የሚመዝንሽ በሥራሽ ነው፤ እግርሽ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃትሽ። «ሰዓቱ ከሌለ እንደማልሮጥ ራሴን አውቀዋለሁ» ብለሻል። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ወደ ላይ ተመልሼ ቁጥር ቆጠርኩ፤ ይኸው እኔም ቆጣሪ ሆኜልሻለሁ። መሮጥ የጀመርሽው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሰዓቱ የመጣው ባለፈው ዓመት። በመካከሉ ያለው ሁለት ዓመት የማን ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እንኳ ሳታውቂ ወጥተሻል። ወገብሽም የተሻለሽ ያኔ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። ያኔ እጅሽ ላይ ምንም አልነበረም። በር ላይ ግን የምትጠብቅሽ ሰው ነበረች።

ደግሞ ያ አሯሯጥ የጀማሪ አሯሯጥ እንዳይመስልሽ። አሠልጣኞች ቀላል ሩጫ ምን ያህል ቀላል መሆን እንዳለበት ሲጠየቁ የሚሰጡት ትልቁ መለኪያ «ማውራት ትችያለሽ?» የሚለው ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ልክ ነሽ፤ ቃል ቃል እየቆረጥሽ ከሆነ ፈጥነሻል። ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያም ሯጩን ራሱን «ምን ያህል ከበደህ?» ብሎ የሚጠይቅ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መለኪያ ሠርቶ ነበር። ሰውየው የሚሰጠው ቁጥር በአሥር ሲባዛ ከልብ ምቱ ጋር ይቀራረባል። ማሽን ሳይኖር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ምክሩ ያለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ ነው። በሳምንት። በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚል የለበትም። ከጓደኛሽ ጋር ሦስት ጠዋት እያወራሽ ትሮጪ የነበረው ይህን ሳይሞላ አልቀረም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ አትጣዪው። ባለቤትሽም ቢሆን እወድሻለሁ ብሎ ነው የገዛው፤ ኮሪደር ላይ ያየሽ ሌሊት ደንግጦ ነው «ጣይው» የሚለው። ለዚያ «ምን ሆነሽ ነው?» ላለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ይህን ደብዳቤሽን ብታሳዪውስ? ለሰዓቱ ግን ቤት ስጪው። ሐኪሙ «መሮጥ ትችያለሽ» ካለሽ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አድርጊው፤ በፍጥነት መሮጥ ያማረሽ ቀን፣ ብቻሽን። ያን ቀን ቁጥርሽን እዪ፣ ተደሰቺበት፣ ከአንድ ሰዓት በታች መግባትሽ እኮ ቀላል አይደለም። በሌሎቹ ቀናት መሳቢያ ውስጥ ይደር። መጀመሪያ ላይ ባዶ እጅሽን ደጋግመሽ ታያለሽ። እኔ አፑን ያጠፋሁ ሰሞን ለሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ትራሴን ገልጬ አይ ነበር። ያልፋል።

የቀረችው ጓደኛሽ ናት። አሁን መሮጥ የማትችዪ መሆንሽ ለዚህ ነገር ጥሩ ነው። ድና ልትሮጥ ፈልጋ ነው የመጣችው የሚል ነገር አይኖርበትም። በጽሑፍ አትላኪላት፤ በጽሑፍ ይቅርታ መጠየቅ ሥራሽ ስለሆነ በጣም ጎበዝ ነሽ፣ ያ ደግሞ እዚህ ያስነቅፍሻል። ደውዪ፤ ካላነሳች በነጋታው ደውዪ። አሁንም ካላነሳች ትገናኙበት በነበረው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ የሩጫ ጫማ ሳታደርጊ ሄደሽ ጠብቂያት።

ልትቆጣሽ ትችላለች። አንድ ወር ሙሉ ዝም ብለሻታል፤ ያውም በዚያ ጊዜ። ተቆጪኝ በያት። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ውድድሩ፣ ስለ 214 ቀን ለማስረዳት ትቸኩያለሽ፤ አትንገሪያት፣ ሌላ ቀን ይደርሳል። መጀመሪያ የእናቷን ውጤት ጠይቂያት። ያን ቀን ነግራሽ አልጨረሰችም ነበር።